ከዝዋይ ስመለስ የጠበቀኝ ድንኳን

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ በሰባዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ በጥር ወር። ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ግን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ብቻ ነበረችኝ። ነገሩን ያልረሳሁት ስላፈርኩበት ነው። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

የምንኖረው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ በቀበሌ ቤት ነበር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባለቤቴ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ተልኮ ስለነበር ከልጄ ከትዕግሥት ጋር ብቻችንን ነበርን። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እማማ የሺ ይባሉ ነበር። ትዕግሥት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተቀብለው ምሳዋን የሚያበሏት እሳቸው ናቸው።

እማማ የሺ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ጌታቸው ይባላል። በዚያ በክፉው ዓመት ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አስከሬኑንም አልሰጧቸውም። ያን ጊዜ እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን አልተተከለላቸውም፤ ጥቁር አልለበሱም። ስሙን ሲጠሩም ሰምቼ አላውቅም።

ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ጥሩወርቅ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ባሏ ተካ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል። አብሮት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ትቶለት ሄዷል። ቤንዚን ባገኘ ቁጥር እሑድ እሑድ ሚስቱን ይዞ ዝዋይ ይወርዳል። ጥሩወርቅ ሰኞ ቢሮ ስትገባ ወሬዋ ሐይቁ ነው።

"አንድ ቀን እንውሰድሽ፣ ሙሉዬ" ትለኛለች። "ጀልባው ላይ ስትወጪ ሐሳብሽን ሁሉ ዳር ላይ ጥለሽው ነው የምትገቢው።"

እኔ ደብረ ብርሃን ያደግኩ ነኝ። ከወንዝ ሌላ ውኃ አላውቅም። ያን ሰሞን ደግሞ ደክሞኝ ነበር፤ ባለቤቴ ደብዳቤ ከላከ ሦስት ወር አልፎታል። እሺ አልኳት።

ችግሩ እሑድ መሆኑ ነበር። በጤናዬ የእሑድ ቅዳሴ አስታጉዬ አላውቅም። ዝዋይ ደሴቶቹ ላይ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ ሲሉ ሰምቼ ስለነበር፣ ከሩቅ አይቼ እሳለማለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሌላው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነው። የቀበሌያችን ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነበር። ስም ይጠራል። ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያገኝበት ደብተር ይያዝበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሯ አስካለ ቤት ሄድኩ። አሞኛል ልላት ነበር አሳቤ። በር ላይ ቆማ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። ምንም የታመመ ነገር የለብኝም።

"ምነው ጓድ ሙሉ፣ በደህና?" አለችኝ።

"ነገ ስብሰባው ላይ አልገኝም። ከደብረ ብርሃን መልእክት መጥቶብኝ ነው። አክስቴ..."

"ያሳደገችሽ?"

"አዎ።"

"አረፈች?"

አንገቴን ደፋሁ። በአፌ ሞተች አላልኩም፤ ይህንንም እንደ ማምለጫ ቆጥሬው ነበር። አስካለ ሳብ አድርጋ አቀፈችኝ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ።"

በስብሰባ ላይ የእግዜርን ስም ጠርታ የማታውቅ ሴት ናት። ደነገጥኩ። ነገር ግን ወደ ኋላ አልተመለስኩም።

ትዕግሥትን የማስቀምጠው እማማ የሺ ዘንድ ስለሆነ፣ ለእሳቸውም ያንኑ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ልጅቷን ተዪልኝ" አሉ። "አንቺ ሂጂና ቅበሪ። መቅበርም መታደል ነው።"

ይህ ቃል እንኳ አልመለሰኝም። ለልጄ ሥራ አለብኝ አልኳት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተካና ጥሩወርቅ አስፋልቱ ላይ ጠብቀው ወሰዱኝ። ደብረ ዘይትን፣ ሞጆን፣ መቂን አልፈን ገና ፀሐይዋ ሳትከር ዝዋይ ደረስን። ባለ ጀልባው ገመዳ የሚባል የአካባቢው ሰው ነው። ጀልባዋ የእንጨት ናት፤ ከኋላ አሮጌ ሞተር አላት።

ከዳር እየራቅን ስንሄድ ፈራሁ። ከዚያ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ውኃው ሰፊ፣ ሰማዩ ሰፊ። የሚጠራኝ ሰው የለም። ስሜን ከወረቀት ላይ የሚያነብ የለም። ገመዳ ሞተሩን አጥፍቶ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ጣለ። ተካ ትል መንጠቆው ላይ ሰክቶ ዘንጉን አስያዘኝ።

"ዝም ብለሽ ጠብቂ" አለኝ። "እንደ ጸሎት ነው።"

"የዛሬውን ቅዳሴ እዚሁ አደረግሽው" አለች ጥሩወርቅ። "አይዞሽ፣ ቅዱስ ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ ነበር።"

ሳቅን። ጴጥሮስ መካዱን ማናችንም አላነሳንም።

ክሩ መጀመሪያ ነዘር አደረገኝ። ቀጥሎ ወደ ታች ጎተተ። ጮህኩ። ተካ "ቀስ! ቀስ ብለሽ! በጥሰሽ እንዳትሰጪው!" እያለ ከኋላዬ ቆመ። ስስበው ይስበኛል፤ ሳላላለት ይሮጣል። በመጨረሻ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ሆዱ ብር የሚመስል ቆሮሶ ጀልባው ወለል ላይ ወድቆ ተንፈራገጠ። ያን ቀን እንደ ልጅ ነበር የሳቅኩት። እንዲያ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ እንደነበር አላውቅም።

አራት ያዝኩ። ተካ ሦስት ብቻ ያዘ።

"ሴትዮዋ ዘንጌን ልትወርሰኝ ነው" ይላል።

"አንተ ለፍልፈህ ታባርራቸዋለህ፤ እሷ ዝምተኛ ናት" ትለዋለች ሚስቱ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ገመዳ ወደ ምሥራቅ እያየ ድንጋዩን ከውኃው መሳብ ጀመረ።

"እንመለስ። ከሰዓት በኋላ የዚህ ነፋስ ቀልድ አያውቅም" አለ።

ተካ ክሩን መጠቅለል ጀመረ። ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት።

"አንድ ብቻ፣ ገመዳ። አንድ ይዤ እንሄዳለን።"

ገመዳ ተካን አየው። ተካ ትከሻውን ነቀነቀ። ድንጋዩ ተመልሶ ገባ። እኔም አንዷን ስጠብቅ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ነፋሱ ሲመጣ ከሩቅ ታየን። ውኃው ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ መጣ። ገመዳ ሞተሩን አስነሳው፤ ሁለት ጊዜ እንደ ማሳል ብሎ ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን እየመታ ውኃ ያስገባ ጀመር። ጥሩወርቅ በጣሳ፣ እኔ በጫማዬ ውኃውን እየቀዳን እንደፋለን። ተካ ቀልዱ ጠፍቶበት ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ገመዳ መቅዘፊያውን ይዞ "ቁጭ በሉ! እንዳትነሱ!" እያለ ይጮሃል። እኔ ዋና አልችልም።

ያኔ ትዕግሥት ታየችኝ። እናቷ ሥራ ሄዳ ሳይሆን ዓሣ ስታጠምድ ሰጠመች ሲሏት ታየኝ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ ጸለይኩ።

"መድኃኔዓለም ሆይ፣ ልጄን ሳላሳድግ አትውሰደኝ። ከዚህ ካወጣኸኝ ውሸቴን በሰው ፊት እናገራለሁ።"

የተሳልኩት ስለት ይህ ነው። ጥላ፣ ጧፍ ወይም መጋረጃ አላልኩም። በሰው ፊት እናገራለሁ ነው ያልኩት።

ነፋሱ ጀልባዋን ገፍቶ ገፍቶ ከአንዱ ደሴት ዳር፣ ደንገል ውስጥ ወሸቃት። የደሴቱ ሰዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ገብተው አወጡን። ጭቃው ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። እሳት አነደዱልን፤ ትኩስ ወተት ሰጡን። ከየት እንደመጣን እንኳ ሳይጠይቁ አሳደሩን። እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ሰኞ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናቸው ደወል ሲደወል ከደጁ ቆሜ ስለቴን ደገምኩት።

ገመዳ ሞተሩን ፈትቶ አድርቆ ወደ ዳር መለሰን። ስንለያይ ተካ አራቱን ዓሣ በእርጥብ ሣር ጠቅልሎ ዘንቢሌ ውስጥ አደረገልኝ።

"የልፋትሽ ነው" አለ። "ለአምስተኛው ግን አመልሽን አስተካክዪ።"

በመንገድ ላይ ሁሉ ለአስካለ እንዴት እንደምነግራት ስለማመድ መጣሁ። ደብተሬን ትያዝ። ትስደበኝ። እናገራለሁ።

አስፋልቱ ላይ ወርጄ ወደ ሰፈር ስገባ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ከቤታችን ደጅ ድንኳን ተተክሏል።

የዕድራችን ድንኳን ነው። ጥጉ ላይ ያለውን መጣፊያ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ክረምት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ማን ሞቶ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ልጄን አሰብኩ። እማማ የሺን አሰብኩ። ሁለት እርምጃ ስራመድ ገባኝ። የሞተችው አክስቴ ናት።

በእኛ ሰፈር ልማዱ እንዲህ ነው፤ ሰው ወላጁን ሩቅ አገር ቀብሮ ሲመለስ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ ይቀበለዋል። አክስቴ እናት ሆና እንዳሳደገችኝ ሁሉም ያውቃል። አስካለ ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ደምሴ ነግራለች፤ አቶ ደምሴ ጥሩምባ አስነፍተዋል። እሑድ ማታ ትመለሳለች ብለው ጠብቀውኛል፤ ስቀር ደግሞ ሐዘኑ ጠንቶባት ነው ብለው ሰኞን ሥራ የሌለው ሁሉ ተቀምጦ አርፍዷል። አግዳሚው ሞልቷል። ንፍሮ ተቀቅሏል።

አንዷ አየችኝና "መጣች!" አለች። ሁሉም ተነሳ።

መልኬ መሰከረልኝ። ፊቴ በፀሐይ ተልጧል። ዓይኔ በነፋስ ቀልቷል። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። ቀሚሴ ከጉልበቱ በታች ጭቃ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ድምፅ የለኝም።

"እዩዋት እስቲ" አለች አንዷ። "እንዴት ብታለቅስ ነው!"

"መሬት ላይ ተንከባላለች" አለች ሌላዋ። "የሚይዛት ሰው አልነበረም እንዴ እዚያ?"

"እኔ..." አልኩ። "እኔ አልሄድኩም..."

"ዝም በይ፣ ልጄ" አሉ አቶ ደምሴ። "አልቅሺ። አልቅሺና ይውጣልሽ።"

እማማ የሺ በሰዉ መካከል መጥተው ዘንቢሉን ከእጄ ወሰዱ። ዘንቢሉን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

"ስንቋን ላስቀምጥላት" ብለው ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ።

አስካለ ክንዴን ደግፋ አስቀመጠችኝ። ትዕግሥት ሮጣ መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። "እቴቴ ሞተች አሉኝ" እያለች ታለቅሳለች። እቴቴ የምትላት አክስቴን ነው። ስለቴ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ሃምሳ ሰው ፊቴ ተቀምጧል። እግዚአብሔር የጠየቅኩትን ሰጥቶኝ ነበር፤ ልጄ ጉልበቴ ላይ ናት። የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነበር።

አልተናገርኩም። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከእፍረት ነው፤ ሰዉ ግን ለአክስቴ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ።

እማማ የሺ እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀመጡና እንዲህ አለቀሱ ተብሎ የማይነገር ለቅሶ አለቀሱ። ደረታቸውን መቱ። አክስቴን የሚያውቋት በዓመት አንድ ጊዜ ስትመጣ ብቻ ነው። በለቅሶው መካከል ድምፃቸው ከፍ ብሎ "ጌታቸው!" አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ማንም ቀና አላለም። አስካለም መሬት መሬት አየች።

ማታ ትዕግሥትን አቅፌ እቴቴ አልሞተችም አልኳት። ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት። ዓይኗን ጠራርጋ "ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?" አለችኝ። ልጄን መጀመሪያ ያስተማርኳት ምስጢር ውሸቴን ነው።

ውሸት አንድ ቀን ብቻ የሚዋሽ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ በየዓመቱ ለገና ትመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንዳትመጣ አደረግኳት። "መንገዱ ይከብድሻል፤ እኛ እንመጣለን" እላታለሁ።

"ቤትሽ አስጠላሁ ወይ፣ ሙሉ?" አለችኝ አንድ ጊዜ።

"ኧረ በፍጹም፣ እቴቴ።"

አላመነችኝም። ባለቤቴ ሲመለስ ነገሩን ነገርኩት፤ እስኪያነባ ሳቀ። የእኔን ፊት ሲያይ ተወው። የንስሐ አባቴ ግን አልሳቁም። "ስለትሽን እኔ ልፈታልሽ አልችልም፤ አፍሽ ያለውን አፍሽ ያድርሰው" አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ቀን እየቆጠርኩ አሳለፍኩት።

ከአራት ዓመት በኋላ አክስቴ በእውነት አረፈች። ለሰፈር ሰው ምን ልበል? አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም። ለመስክ ሥራ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ቀብሬያት ተመለስኩ። ደጄ ላይ ድንኳን የለም። ንፍሮ የለም። ጥቁር አልለበስኩም። ጓሮ ገብቼ ልብስ የማጥብ መስዬ በሳፋው ላይ አለቀስኩ።

እማማ የሺ በአጥሩ በኩል መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ማን ሞተብሽ?" አሉኝ።

"አክስቴ" አልኳቸው። "አሁን ነው የሞተችው።" ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝዋይን፣ ዘንጉን፣ ነፋሱን፣ ስለቴን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

"አውቅ የለም እንዴ" አሉ። "ዘንቢልሽ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ደብረ ብርሃን ቀብሮ ዓሣ ይዞ የሚመለስ ማን አለ?"

"ዓሣውን የት አደረሱት?"

"ጓሮ ቀበርኩት። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚቀበር ሊጠፋ ነው?"

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ቀጥሎ አፈርኩና "ካወቁ ለምን አለቀሱ?" አልኳቸው።

ሳፋውን ወደ ጎን ገፍተው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

"ድንኳኑን ተተክሎ አገኘሁት" አሉ። "ለልጄ ማን ተከለለት? አሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ዝም በይ የሚለኝ የለም። እግዜር ይስጥሽ አልልሽም፤ ውሸትሽ ውሸት ነው። ግን ተንፍሼበታለሁ።"

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔም አዘቀዘቅሁ። ሦስት ቀን ከሥራ ስመለስ እየመጡ አብረውኝ ተቀመጡ። በሩን ለሚያንኳኳ ሰው "ራሷን አሟታል" ይሉልኛል። በዚያ ዕድሜያቸው ለእኔ ዋሹልኝ። አክስቴ አንዲት አልቃሽ አገኘች፤ እሳቸውም ስለ እኔ ሁሉን የሚያውቁ ነበሩ።

እማማ የሺ ካረፉ ቆይተዋል። ሲያርፉ መንግሥት ተለውጦ ነበር። ድንኳኑን ሲተክሉ አገዝኩ። የእሳቸውን ስም ጠርቼ አለቀስኩ፤ የጌታቸውንም ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። አሁን የሚከለክል አልነበረም። የራሴን ነገር ግን በዚያም ቀን አልተናገርኩም።

አስካለ ዛሬ በሕይወት አለች። ቦሌ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ላይ እንገናኛለን፤ አርጅታለች፤ ክንዷን ደግፌ ደረጃውን አስወርዳታለሁ። ስንለያይ "አክስትሽን ነፍስ ይማር" ትለኛለች። እስከ ዛሬ አልረሳችም። አሜን እላለሁ፤ በእርግጥም ሞታለችና።

ልጄን አሳድጌያለሁ። የለመንኩት ሁሉ ተሰጥቶኛል። የጎደለው የእኔ ነበር። በሰው ፊት እናገራለሁ ብዬ ነበር። በመጪው እሑድ ይህን ጽሑፍ ለአስካለ ራሴ አነብላታለሁ፤ ዓይኗ ደክሟል። እናንተ ግን ቀድማችሁ ሰማችሁኝ።